ዝናብ የሚፈራ ጃንጥላ

አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቶ ከእናቴ ጋር ሊያጣላኝ ነበር። ከዝናብ የሚያስጠልለውም ጃንጥላ ነው፤ ከሰማይ የሚያወርደውም ጃንጥላ ነው። ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ከረጢት አቅፌ ጄኔቭ ካለው ቤታችን ስገባ፣ የልጅ ልጇን ልታይ ከአዲስ አበባ የመጣችው እማዬ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ።

«ጃንጥላ ነው፣ እማዬ። ረጥቦብኝ ነው።»

«ቢረጥብስ? ጃንጥላ ሊረጥብ አይደል እንዴ የተሠራው?»

ይህኛው ግን ለመርጠብ አልተሠራም። ውሃ አይወድም፤ ፀሐይ አይወድም፤ እሳት ከተጠጋው አለቀለት፤ ታፍኖ መቀመጥም አይስማማውም። ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት እማዬ በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «እንግዲህ ሁለተኛ አራስ አመጣህብኝ በለኛ» አለች። የመጀመሪያዋ አራስ የሰባት ሳምንት ልጃችንን ታቅፋ ከመኝታ ቤት ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም። ባለቤቴ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ ና፣ ትንሽ አየር እንውሰድ» አለኝ። አየር መውሰድ ሲል ቡና ጠጥተን ወዲያ ወዲህ ማለት መስሎኝ ነበር። ለካስ ፓራግላይዲንግ ማለቱ ኖሯል። ከተራራ ጫፍ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ገመዱን ከወገብ አስሮ፣ ወደ ገደሉ መሮጥ። በእኛ አገር ወደ ገደል የሚሮጥ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደዋል። እዚህ ከፍሎ ይማራል፣ ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ይሰጡታል። እኔም ከፈልኩ፣ ተማርኩ፣ ይባስ ብሎም ወደድኩት።

ዋናው ጨርቅ ክንፍ ይባላል። ቅርጹን የሚይዘው በውስጡ በሚሞላው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲረበሽ እንደ ባዶ ከረጢት እጥፍ የሚልበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መልሶ ይከፈታል። አልከፈትም ካለ ደግሞ መቀመጫው ውስጥ ተጣጥፎ የሚጠብቅ ሁለተኛ ጃንጥላ አለ። ተጠባባቂ ጃንጥላ ልንለው እንችላለን፤ እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ስኮርታ እለዋለሁ። እንደ መኪናው ስኮርታ ጎማ ይህም ይረሳል። ልዩነቱ፣ የመኪናው ስኮርታ ተንፍሶ ቢገኝ መንገድ ዳር ቆመህ ከአላፊ አግዳሚው ክሪክና ጎማ ትለምናለህ። እዚህ የምትለምነው ሌላ አካል ነው።

የእኔ ስኮርታ 32 ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ ተጣጥፎ ሲመዘን ግን ሁለት ኪሎ የማይሞላ ስስ ነጭ ናይለን ነው። ኢኤን 12491 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ እንዲህ ያለው ጃንጥላ እስከ መጨረሻው አቅሙ ተጭኖም ቢሆን በሰከንድ ከ5.5 ሜትር በላይ ፈጥኖ እንዳይወርድ ያዝዛል። ከአንድ ሜትር ተኩል አጥር ላይ እንደ መዝለል ማለት ነው። በልጅነቴ የጎረቤት ኮክ ሰርቄ ስሸሽ ከዚያ የሚበልጥ አጥር ዘልያለሁ፤ ስለዚህ ቁጥሩ አላስፈራኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ሲበር አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ለምን አያለሁ? ስኮርታ ነው።

አኔሲ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ ከጄኔቭ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከሐይቁ በላይ፣ ኮል ደ ላ ፎርክላዝ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ አጠገብ፣ ከ1,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መነሻ ሜዳ አለ። ሐይቁ 447 ሜትር ላይ ተኝቷል። በመካከል ያለው ባዶ አየር የፓራግላይደሮች መፈተኛ ነው። አስተማሪው ከታች ሆኖ በሬዲዮ ያዝዛል፤ አንተ ከሐይቁ በላይ ደህናውን ክንፍህን ሆን ብለህ ታበላሻለህ፤ ከዚያ ታስተካክላለህ። ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰሃል፤ ብትወድቅ የምታወጣህ ጀልባ ሞተሯን አስነስታ ትጠብቃለች። የኮርሱን ክፍያ የከፈልኩት የካቲት ላይ ነበር። ልጃችን ሚያዝያ ላይ እንደምትወለድ ሐኪሙም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ገንዘቡ ተመላሽ አይሆንም መባሉን ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንደ ምክንያት አልቆጠረችልኝም።

ሦስተኛው ልምምድ ላይ ክንፌ በአንድ ጎኑ ታጠፈ። እኔም አታድርግ የተባልኩትን አደረግሁ። ገመዶቹ ከራሴ በላይ እንደ ሹሩባ ተጎነጎኑ፤ ሐይቁ መሽከርከር ጀመረ፤ ማለቴ እኔ። አስተማሪው በሬዲዮ በፈረንሳይኛ «ወርውር! ወርውር!» ይላል፤ እኔ በአማርኛ እመቤቴን እጠራለሁ። እጄ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ ብቻ የስኮርታውን መያዣ አገኘው። ነቀልኩት፤ ወደ ባዶው አየር ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። ቀና ስል ነጭ ጉልላት ተዘርግቷል። ከደስታዬ ብዛት ቀጥሎ የሚደረገውን፣ ክንፉን ሰብስቦ መያዝን ረሳሁት። ሁለቱ ጨርቆች ከላዬ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ወደየራሳቸው ሲጎትቱ፣ እኔን ውሃ ውስጥ ጨመሩኝ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔን አላሳቀኝም፤ የሳቁት ጀልባዋ ላይ የነበሩት ናቸው።

እኔን ካወጡኝ በኋላ ጃንጥላውን ላውጣ ብዬ ጠርዙን ይዤ ስጎትት የጀልባዋ ልጅ እጄን መታ አደረገኝ። ለካ ውሃ የሞላውን ጃንጥላ ጠርዙን ይዞ የሚጎትት ሰው አብሮ ሐይቁን ነው የሚጎትተው፤ ሐይቁ ደግሞ አይመጣም፤ የሚመጣው ስፌቱ ነው። ልጁ አናቱን ፈልጎ ያዘና ቀስ እያለ ሳበው። ውሃው በታች በኩል ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ያ ሁሉ ጉልላት እንደራሰ ነጠላ ተጠቅልሎ ጀልባዋ ወለል ላይ ተኛ። ሐይቁ ጨው አልባ መሆኑ ዕድሌ ነው። ብዙዎች ይህንኑ ልምምድ የሚሠሩበት የቱርኩ ኦሉዴኒዝ ባሕር ቢሆን ኖሮ፣ ከማድረቁ በፊት በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ግድ ነበር። ጨው ሲደርቅ ሹል ነው፤ ክሩን ይፈገፍጋል፤ ብረት ካገኘም ያዝጋል። ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። «ዛሬ ማታውኑ ዘርጋው። እርጥቡን አታሳድረው።»

የሳሎናችን ስፋት 19 ካሬ ሜትር ነው። የጃንጥላው 32። ይህን ሒሳብ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ብሠራው ኖሮ ወደ ቤት አልሄድም ነበር።

ሶፋው ላይ ዘረጋሁት፤ ተረፈ። በቴሌቪዥኑ ላይ አልፌ ወደ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ወሰድኩት፤ ተረፈ። ከመብራቱ እስከ መጋረጃው ብረት ሲባጎ አስሬ ሰቀልኩት። እማዬ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት ገንፎ ይዛ ስታልፍ እንደ መቅደስ መጋረጃ ገለጥ እያደረገች ነበር። መቀመጫው ደግሞ ለብቻው መከራ ነው። የጀርባ መከላከያው ስፖንጅ የአኔሲን ሐይቅ ግማሹን ጠጥቶ ስለመጣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አቆምኩት። ሕፃኗን ማጠብ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ባለቤቴ አሁንም ዝም።

እሑድ ጠዋት ስነቃ ጃንጥላው የለም። ሮጥ ብዬ በረንዳ ብወጣ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት፣ ወደ ጎዳናው ተንዠርግጓል። ከታች ሁለት ሰዎች ቆመው ያያሉ። የሆነ አገር ባንዲራ ሳይመስላቸው አልቀረም።

«እማዬ! ፀሐይ ይበላዋል!»

«ፀሐይ ያደርቃል እንጂ ምን ይበላል?»

ናይለን እንዲህ ነው ብዬ ጀመርኩ። ጨረሩ ክሩን ያደክመዋል፤ ለዓይን ግን አይታይም። ነጭነቱም ልስላሴውም እንዳለ ነው፤ የሄደው ጉልበቱ ነው። መውረጃህን የምታምነው በጉልበቱ ነው እንጂ በነጭነቱ አይደለም።

«እንደ ጥለት አትለኝም?» አለችና ተነሥታ መቆንጠጫውን ትነቅል ጀመር። እማዬ የሐበሻ ቀሚስ ስታጥብ ገልብጣ ጥላ ሥር ነው የምታሰጣው፤ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። እኔ አንድ ሰዓት በፈረንሳይኛ የተነገረኝን እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥልጣኑ ከእጄ ወጣ።

ስጥ የእማዬ ሙያ ነው። በርበሬ አስጥታለች፣ ብቅል አስጥታለች፣ ጌሾ አስጥታለች። እኔ የልጅነቴን ግማሽ ያሳለፍኩት አርጩሜ ይዤ ስጥ ላይ ዶሮ ስከላከል ነው። እናም እንደገና ወንበር ተሰጠኝ፤ ስጡ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዶሮ የለም፤ ግን በየሁለት ሰዓቱ እጥፉን መግለጥ፣ አንዱ ንጣፍ ካንዱ ጋር እንዳይጣበቅ መለያየት፣ በመስኮቱና በበሩ መካከል ነፋስ ማሳለፍ አለ። በመካከል እማዬ ጀርባዋን ስታዞር የባለቤቴን ፀጉር ማድረቂያ ይዤ ጠጋ አልኩ። ቀኝ እጄን ሳላነሣ ተያዝኩ። «ብቅል በእሳት ይደርቃል?» አለችኝ። አይደርቅም፣ እማዬ። ጃንጥላም በሙቅ አየር፣ በካውያ፣ በልብስ ማድረቂያ ማሽን አይደርቅም። ማጠቢያ ማሽንና ሳሙናማ የማይታሰብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔም ሳላውቀው የኖርኩት ስለሆነ። ናይለን ውሃ ይጠጣል። ሲረጥብ ከጥንካሬው ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ሲደርቅ ይመለስለታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መርጠቡ አይገድለውም። የሚገድልህ እርጥቡን መልሰህ ማጠፍህ ነው። የታጠፈ ጃንጥላ በስልት የተደራረበ ጨርቅ ነው፤ ሲወረወር ነፋስ ገብቶ ንጣፉን እየለያየ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ጉልላት ያደርገዋል። እርጥብ ንጣፍ ግን እንደ ትኩስ እንጀራ ላይ እንጀራ ይጣበቃል። ምድር ላይ ሆነህ አንድ ሰከንድ ምንም አይደለም። እዚያ ላይ ሆነህ ግን ሰከንድ የሚባለው ነገር ርዝመት አለው፤ በሜትር ይለካል። ቀስ ብሎ ደግሞ ሻጋታው ይመጣል፤ ከዚያም ሽታው። የአዲስ አበባን የነሐሴ ልብስ ለሚያውቅ ሰው ሽታውን ማስረዳት አያስፈልግም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ደረቀ። «ጨረስን!» ብዬ ተነሣሁ። እማዬ መልስ ሳትሰጠኝ መጣች፣ ጨርቁን ተወችና ጃንጥላውን ከትከሻዬ ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ማንገቻ አነሣች። ስፌቱ የተደራረበበትን ቦታ ፈልጋ ከንፈሯ ላይ አስነካችው። እጅ ይዋሻል፤ ከንፈር አይዋሽም። «ይሄ ገና ውሃ ነው» አለች። «ላዩ የደረቀ በርበሬ ነው ወፍጮ ቤት የሚያዋርደው።» ልክ ናት። ሰፊው ጨርቅ በሰዓታት ይደርቃል፤ ስፌቱ፣ የገመዶቹ ሥርና ማንገቻው ግን ቀናት ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰፊውን ዳስሶ ወፍራሙን ይረሳል።

ሰኞ ባለቤቴ ተናገረች። «ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔና ልጄ» አለች። ምርጫው ግልጽ ስለነበር ጃንጥላውን ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ስዊዘርላንድ የኖረ ሐበሻ የሕንፃ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ላልኖረ እነግራለሁ። ማሽኑ የጋራ ነው፤ ማድረቂያ ክፍሉ የጋራ ነው፤ ቀኑ ግን የግል ነው። በር ላይ ሰሌዳ አለ። የእኛ ቀን ረቡዕ ነው፤ እሑድ ለማንም አይደለም። ሰው እዚህ አገር ትዳሩ ቢፈርስ ጎረቤት አይጠይቀውም፤ በሌላ ሰው ቀን ካልሲ ቢያሰጣ ግን በጽሑፍ ይጠየቃል። ማድረቂያ ክፍሉ ለጃንጥላ የተፈጠረ ነው፤ መስኮት የለውም፣ ጨለማ ነው፣ እርጥበት መምጠጫ መሣሪያ ቀንና ሌሊት ያጓራል። ጉድለቱ ጣሪያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈሮች ጃንጥላ የሚንጠለጠልበት ጣሪያው ከፍ ያለ ክፍል ነበራቸው። አሜሪካ ሚዙላ፣ ሞንታና ላይ ደግሞ የደን እሳት ለማጥፋት በጃንጥላ የሚዘሉት ሰዎች ጃንጥላቸውን የሚሰቅሉበት ማማ አላቸው። እኔ ያለኝ ከራሴ ብዙም የማይበልጥ ጣሪያና ስምንት መስመር ሽቦ ነው። አናቱን አንዱ ጥግ፣ ገመዶቹን ሌላው ጥግ፣ ጨርቁን ስምንቱም ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በራችን ሥር ወረቀት ተወርውሮ አገኘሁ። «ማክሰኞ የእኔ ቀን ነው። የአልጋ ልብስዎ በጣም ትልቅ ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። ጎረቤቴ አሮጊት ናቸው፤ ጃንጥላ መሆኑን ስነግራቸው ቅርጫታቸውን አስቀመጡና ጨርቁን በሁለት ጣት ያዝ አደረጉ። እናታቸው ከጦርነቱ በኋላ የተሞሸሩት ከጃንጥላ ሐር በተሰፋ ቀሚስ እንደነበር አጫወቱኝ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ጨርቅ ጠፍቶ ስለነበር የጃንጥላ ሐርና ናይለን ያገኘች ሙሽራ ዕድለኛ ነበረች። ማክሰኞን ለቀቁልኝ። በስዊዘርላንድ ኑሮዬ ካየሁት ደግነት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ይህን ሄጄ ለባለቤቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ «ለልጅቷ የክርስትና ቀሚስ ይወጣዋል ማለት ነው» አለች። ዓይኗ ግን የቀልድ አልነበረም። ረቡዕ የራሳችን ቀን ስለነበር በነፃነት አደረ፤ ሐሙስ ወደ ሳሎን መለስኩት።

በእነዚያ ቀናት ስጥ እየጠበቅሁ ለእማዬ ታሪክ አወራላት ነበር። ሁበርት ጁሊያን የሚባል፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ ሐርለም የታወቀ፣ «ጥቁሩ ንስር» ያሉት ሰው በ1930 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በንጉሡ ፊት ከአውሮፕላን በጃንጥላ ዘሎ በሰላም ወረደ፤ ማዕረግም ተሰጠው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከሆነው ዘውድ መጫን በዓል አስቀድሞ ግን፣ በልምምድ ላይ፣ ንጉሡ የሚወዷትን አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሳት። ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ጃንጥላው ያከበረውን አውሮፕላኑ አዋረደው። እማዬ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ሰምታ ስለ አውሮፕላኑ ምንም አልጠየቀችም። «ጃንጥላውን ማን አጥፎለት ኖሯል?» ብቻ አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ጉዳይ ደርሼ ስመለስ ከደረጃው ጀምሮ ይሸታል። በሩን ስከፍት እማዬ ቡና አፍልታለች። ረከቦቱ በጃንጥላው ሥር ነው። ከሰሉ ፍም ነው። እጣኑ ይጨሳል፤ ጭሱ ሽቅብ ወደ ጉልላቱ ይገባል፤ ጉልላቱም እንደ ድንኳን ሞልቶ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሁለት የሐበሻ ጎረቤቶች ከሥሩ ተቀምጠው ሁለተኛውን ይጠጣሉ። ውበቱን ለማድነቅ ጊዜ አልነበረኝም። ስስ ናይለን ከፍም የምትዘል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ ሳይነድ በፊት ቀልጦ ይበሳል።

«እማዬ፣ እሳቱን!»

«ውሃ ውሃ ሸተተኛ፤ አጠንኩልህ!» አለች፤ ቅር እያላት። ልብስ ደርቆ ሳይታጠን የሚቀመጥበት ቤት አታውቅም። ቡናው ወደ በረንዳ ተሰደደ። ጨርቁን መብራት ላይ እየዘረጋሁ አንድ በአንድ አየሁት፤ ቀዳዳ አልነበረም። እጣኑ ግን ገብቷል።

አርብ ወደ አጣፊዋ ወሰድኩት። በዚህ ስፖርት ራስህ ማጠፍ ትችላለህ፤ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ክለቦች ስፖርት አዳራሽ ተሰብስበው አብረው ያጥፋሉ። እኔ ግን ሸሚዝ አጥፌ እንኳን የባለቤቴን ይሁንታ አግኝቼ አላውቅም። አጣፊዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ረጅም ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ከአናቱ ጀምራ ገመዱን አንድ በአንድ በጣቶቿ መካከል አሳለፈች። ስፌቱን አየች። ማንገቻውን ጨመቀች። ከዚያ ጃንጥላው ይቀመጥበት የነበረውን የውስጥ ከረጢት አነሣችና ገመዶቹን ጠቅልሎ የሚይዘውን ላስቲክ ሳብ ብታደርገው ተበጠሰ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው እንደ አሮጌ ማስቲካ ጣቷ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የታጠፈው?»

«ስገዛው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፍርዷን በዝግታ ሰጠች። ሐይቁ ምንም አልጎዳውም፤ የደረቀውም በደንብ ነው። የጎዳው ሦስት ዓመቱ ነው። ማታ ጤዛ የያዘው ሣር ላይ አርፈህ መቀመጫውን ሣሩ ላይ ትጥላለህ። የረጠበውን ክንፍ ከስኮርታው ጋር በአንድ ከረጢት ታፍናለህ። መኪና ኋላ ትተወዋለህ፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ላብ ያወጣል። ሐይቅ ውስጥ ስትገባ መርጠብህን ታውቃለህ፤ በዚህ መንገድ የገባውን ውሃ ግን ማንም አይነግርህም። ላስቲኩ ያረጃል፤ ቬልክሮው ሳይላቀቅ ስለሚከርም ተጣብቆ ይጠነክራል። ለዚህ ነው አምራቾቹ ረጥቦም ባይሆን ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከፈት፣ ይናፈስ፣ እንደገና ይታጠፍ የሚሉት። አሜሪካ ውስጥ ከአውሮፕላን ለሚዘሉትማ ምክር ሳይሆን ሕግ ነው፤ መጠባበቂያቸው ባይነካም በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተከፍቶ ይታጠፋል፤ ባለሙያውም በክርና በእርሳስ ያሽገዋል፣ የራሱን ምልክት ይመታበታል። ማኅተም ያለበት ነገር እኔ አከብራለሁ። ቀበሌ ያደግሁ ሰው ነኝ።

«ታዲያ እንዴት ተከፈተልኝ?» አልኳት።

«ዕድል» አለች፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም።

አዲስ ላስቲክ አስገባች። ስታጥፍ ማየት ደስ ይላል፤ ክፋዩን በክፋይ ላይ፣ እንደ ጋቢ ሳይሆን እንደ ብራና፣ በመካከሉ አየር ሳታስቀር። አጎንብሳ ስትጫነው አፍንጫዋ ጨርቁ ላይ ቀረበና ቆም አለች። እንደገና አሸተተች።

«ይህ ምንድን ነው?»

እናቴ አጥናው ነው ለማለት ፈረንሳይኛዬ አልበቃኝም። ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ሂሳቡን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። የጥገና ካርዱ ላይ ቀኑን አሰፈረች፣ ፈረመች፤ ለአስተያየት በተተወው ቦታ ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች። «ደረቅ። ሁኔታው ጥሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው።»

ልጃችን ሐምሌ ላይ ክርስትና ተነሣች፤ በተገዛ ቀሚስ። እማዬም በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ክረምት ነውና ከመሄዷ በፊት ጥሩ ጃንጥላ ገዛሁላት፤ የዝናቡን ዓይነት። ቦሌ ደርሳ ስትደውል ከስልኩ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሰው ይሯሯጣል፤ እሷም እርጥብርጥብ ማለቷን ነገረችኝ። ጃንጥላውስ አልኳት። ሻንጣዋ ውስጥ ነው፤ እንዳይረጥብ ብላ አልዘረጋችውም።